የሱሪ ዕዳ

ሃምሳ አለቃ ጉርሜሳ የሱሪ ዕዳ ነበረባቸው፤
ሦስቱን አሳጥሬ፣ ያንዱን ዚፕ ቀይሬላቸው፣
"ጡረታዬ ሲወጣ" ሲሉኝ፣ ሲሉኝ ከርመው
አንድ ማታ መጡ፤ ሱቄ ደጃፍ ቆመው፦
"ብር የለኝም፣ ዘርፌ፤ ያለኝን ልክፈልሽ፤
በፖሊስ ማርሽ ባንድ የኖርሁበትን ኖታ ላስተምርሽ።"

ሳቅሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ክር በመርፌ የማስገባው በግምት፤
ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ አቧራና ባጃጅ በሚጋፋበት፣
ማን ኖታ ይማራል?
ግን ከሞተ ዕዳ፣ የሚያስተምር ዕዳ ይሻላል።

ጠመኔዬን ተቀበሉኝ። በጥቁር ሱፍ ብጣሽ ላይ
አምስት መስመር አሰመሩ፤ እኩል፣ አንዱ ካንዱ ሳይለያይ።
መግቢያው ላይ ጥምዝምዝ ነገር አኑረው "ቁልፍ ናት" ቢሉኝ፣
እጄ ወደ ቆርቆሮዬ ሄደ፤ "ባለ ሁለት ቀዳዳ ይሁን ባለ አራት፣ ይንገሩኝ!"
ሳቁ። ከታች ሁለት ጥርስ ጎድሏቸዋል፤
የአዳማ ነፋስ እንደሆን በየትም ያልፋል።

ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፤ ይኼስ አልከበደኝ፤
ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ ሩብን ማን ያስተምረኝ?
እግሬም የማሽኑን መርገጫ ሠላሳ ዓመት ሲመታ
አራት በአራት ሲቆጥር ኖሯል፣ ያለ ደብተር፣ ያለ ኖታ።
"ስድስት ስምንተኛ" ብለው በጣታቸው ሲመቱልኝ ግን
ትከሻዬ ቀደመኝ፤
አፍሬ መቀስ አነሣሁ፣ የምቆርጠው ሳይኖረኝ።

ያስቸገሩኝ ፋ እና ሲ ናቸው።
የትዝታን ቅኝት አውቀዋለሁ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ በቃ፤
እነዚህን ሁለቱን በሰርግም በለቅሶም አላገኘኋቸው።
"በይ፣ አብረሽ ስሚያቸው" ብለው ፋን በክላርኔት ነፉ፤ እኔ ሲን ያዝሁ።
ወይ ጉድ! ኮሌታ ውስጥ የተረሳ ስፒል አንገቴን እንደወጋኝ ሆንሁ።
ልተወው ስል በቅንድባቸው "ያዢ" አሉኝ፤ ያዝሁ።
ከዚያ ሲ ግማሽ እርምጃ ወጥታ ዶ ቤት ገባች፤
ፋም ግማሽ እርምጃ ወርዳ ሚ ላይ አረፈች።
ግማሽ ብቻ!
ወገቡ የጠበበ ሱሪ ግማሽ ጣት ሲለቀቅለት
ደንበኛው መስታወት ፊት እንዴት እንደሚተነፍስ፣ እኔ ነኝ የማውቅለት።
"እነሱ ባይኖሩ" አሉ፣ የክላርኔቱን አፍ እየጠረጉ፣
"ዶ ቤት መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?"

አሁን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ ጥሩምባውን ሲለቀው
"ትልቁ ሦስተኛ ነው" እላለሁ ሳላስበው፤
ዩኒፎርም የሚለካው ልጅ "ምኑ?" ይለኛል፤ ምን ብዬ ልንገረው?

ዝምታም ይጻፋል ለካ። መስመር ላይ የተቀመጠች ባርኔጣ፤
"ድምፁ ቢጠፋ ምቱ አይጠፋም፤ ቁጠሪው፣ እስኪመጣ።"
ባለቤታቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆነ።
እሳቸው ቤት ስንት እንደተቆጠረ አልጠየቅሁም።

ዕዳው ባለፈው ሐሙስ አለቀ፤
ከመዝገቤ ሰረዝሁት፣ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን እስኪቀድ።
ሰኞ ጠዋት አንድ ሱሪ በፌስታል ይዘው መጡ፤
"ጠርዙ ተተረተረ፣ ዘርፌ" አሉኝ፤ ዐይናቸው መንገድ መንገድ።

ገለበጥሁት። ስፌቱ የኔ ነው፤ ድርብ ነው፤
በራሱ የሚተረተር አይደለም።
ክሩ በምላጭ ተበጥሷል፣ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣
ጨርቁ እንዳይነካ።

ቀና አላልሁም።
አራት ምት ዝም አልሁ፤ በልቤ እየቆጠርሁ።
"ሐሙስ ይምጡ" ልል ነበር።
"ሐሙስ ና" አልሁት።